አሥራ ሰባተኛው ገበሬ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት ወጣቶች የግቢዬን በር አንኳኩ። ልጅቷ ታብሌት ይዛለች፤ ልጁ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። ስለ ውኃ አጠቃቀም ጥናት እያደረጉ እንደሆነ፣ እኔ በምኖርበት የጅማ ሰፈር፣ አወቱ መንደራ ውስጥ፣ በየአሥረኛው ቤት እየገቡ እንደሚጠይቁ አስረዱኝ። ወንበር አወጣሁላቸው፤ ከጓሮዬ የወረደ አቮካዶም ቆራርጬ አቀረብኩ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልታነብ ስትል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«የእኔ ቤት አሥረኛው ነው?» አልኳት።

ተያዩ። «አይ ማዘር፣» አለ ልጁ ሳቅ እያለ፣ «አሥረኛው የጎረቤትዎ ነበር። ሁለቴ አንኳኳን፤ ዝግ ነው። ያው አንድ ሰፈር አይደል ብለን ወደ እርስዎ መጣን።»

«ያውማ አይደለም፣» አልኩ። «ጎረቤቴ እዚሁ ጅማ መርካቶ እህል ትሸጣለች። ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትገባው። እኔ የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ቤት ነኝ፤ ቧንቧው በመጣ ሰዓት እቀዳለሁ። እሷ ስትመጣ ውኃው ሄዷል። ዝግ በር ባገኛችሁ ቁጥር እንደ እኔ ቤት የሚውለውን የምትጠይቁ ከሆነ፣ በእናንተ ወረቀት ላይ የጅማ ሰው ሁሉ ውኃ ሞልቶለታል።»

ልጅቷ ታብሌቷን ዘጋች። አመሻሽ ላይ እንደሚመለሱ ነግረውኝ፣ አቮካዷቸውን ጨርሰው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ከበር እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ በር ተመላለስኩ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ አባቴ ምን አይተው እንዳወጡልኝ አላውቅም፤ በዕድሜዬ ሁሉ እግሬ አርፎ አያውቅም። የዚያን ቀን ያመላለሰኝ ግን ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ያደረግሁት ነገር ነው።

ከደሴ ወደ ጅማ የመጣሁት ግብርና ልማር ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አረንጓዴው ብቻ ያፍነኝ ነበር፤ ከተራራ ላይ ሆኖ ሩቅ ማየት ለለመደ ሰው፣ ጫካው ከመንገዱ ዳር ጀምሮ ሲዘጋበት መተንፈሻ ያጣ ይመስለዋል። ቆይቼ ለመድኩት። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ቅርንጫፉ የሚያሰማው ድምፅ፣ ከዝናብ በኋላ ከቀዩ አፈር የሚነሣው ሽታ፣ የበሰለው ሙዝ በመንገድ ዳር ተንጠልጥሎ ሲሸጥ፤ ዛሬ ከዚህ ወዴትም አልሄድም።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ስታቲስቲክስና የጥናት አሠራር ያስተማሩን መምህር ደጀኔ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው ኪስ ቆሎ የማይጠፋ ሰው። ክፍል ውስጥ ማስተማር አይወዱም። አንድ ቅዳሜ መርካቶ ወደሚገኝ የቡና መጋዘን ወሰዱን። ነጋዴው የአንዱን ጆንያ አፍ ፈታና «ፍረዱ» አለን። እኔ እንደ ልማዴ ከሁሉም ቀድሜ ዘገንኩ። ፍሬው እኩል፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ያማረ ቡና ነው። ሁላችንም «አንደኛ ደረጃ» ብለን ጻፍን። ከዚያ መምህር ደጀኔ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አንሥተው ከጆንያው ሥር ወጉት። በብረቱ ውስጥ ተንሸራቶ የወጣው የተሰባበረ፣ የጠቆረ፣ ጠጠር የተቀላቀለበት ቡና ነበር።

«ወላሂ፣ እኔም ስገዛ እንዲሁ ነው የመጣልኝ!» አለ ነጋዴው እየሳቀ።

«ናሙና ማለት እጃችሁ የደረሰበት አይደለም፣» አሉ መምህር ደጀኔ። «ከላይ የዘገነ የጆንያውን አፍ አወቀ እንጂ ጆንያውን አላወቀም። ደግሞ በር አጠገብ ያለውን ጆንያ ብቻ አትውጉ። ነጋዴ በር ላይ የሚያስቀምጠው የትኛውን ይመስላችኋል?»

እንዲህ ነበሩ። ሌላ ቀን እየሳሉ ገቡና ጉንፋን እንደያዛቸው፣ ባለቤታቸው ጤና አዳም በማር አፍልታ እንዳጠጣቻቸው ነገሩን። በሳምንቱ ድነው መጡ። «ምን አዳነኝ?» ሲሉ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ጤና አዳሙ!» አልን። «ያልጠጣው ጎረቤቴስ በስንት ቀኑ ዳነ?» አሉ። ማንም ያንን አላሰበም። «ያልጠጣውን ካላያችሁ ስለ ጠጣው የምታውቁት ነገር የለም፣» አሉና ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ማነጻጸሪያ» ብለው ጻፉ። አማካይን ያስረዱን ደግሞ በተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ነው። ሰኞ ጨው የሚባል አልነካውም፤ ማክሰኞ ከጨው ብዛት አይጎረስም። «የሁለቱ ቀን አማካይ ልክ ነው፤ እናንተ ግን ሁለቱንም ቀን ክፉ ወጥ በላችሁ፣» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄአለሁ። ሁሉም የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የያዝኩት ጥያቄ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ በጅማ ዙሪያ ብዙው ገበሬ የለቀመውን እሸት ቡና የሚያሰጣው መሬት ላይ ነበር። ቡናው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በእንጨት ላይ በተወጠረ የሽቦ ወንፊት ላይ ቢሰጣ ግን ከላይም ከታችም ነፋስ ያገኘዋል፤ አይሻግትም፣ አፈር አፈርም አይልም ይባላል። ይህን የማድረቂያ አልጋ ይሉታል። እውነት ልዩነት ያመጣል ወይ? ይህን ነበር ማወቅ የፈለግሁት። ከአጋሮ ወደ ገራ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት መንደር ተመረጠች፤ ሃያ አራት ገበሬዎች ተመዘገቡ፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። አሥራ ሁለቱ አልጋ ያገኛሉ፤ አሥራ ሁለቱ እንደ ወትሮው መሬት ላይ ያሰጣሉ። የአካባቢው የግብርና ባለሙያዎች ሽቦውን ሲሰጡን አንድ ነገር ተስማምተን ነበር፤ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ፣ ዘንድሮ መሬት ላይ የቆዩት በሚቀጥለው ዓመት ሽቦ ያገኛሉ።

ዕጣው የወጣው በመንደሩ ዋርካ ሥር ነው። መምህር ደጀኔ ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻቸው ስለሚናገሩ እሳቸው አስረዱ። ከኋላ የተቀመጡ፣ አጠር ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ ሰው እጃቸውን አነሡ። አባ ዱራ ይባላሉ፤ መዝገቤ ላይ ቁጥራቸው አሥራ ሰባት ነው።

«የፈለገ ለምን አይወስድም? ዕጣ ለምን አስፈለገ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አልጋውን ቀድሞ የሚፈልገው ትጉው ነው፣» አሉ መምህር ደጀኔ። «ትጉ ሰው ደግሞ መሬት ላይም ቢያሰጣ ቡናው ያምራል። ኋላ ያሳመረው አልጋው ይሁን ትጋቱ በምን እንለየዋለን? ዕጣ ግን ትጉውንም ሰነፉንም በሁለቱም ወገን ይበትነዋል።»

አባ ዱራ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕጣዎቹ ተጠቅልለው ከገቡበት ኮፍያ ውስጥ ያወጡት ወረቀት «መሬት» ይላል። በመጨረሻ መምህር ደጀኔ፣ በዕጣው እንጽና ብለው ሁሉንም «ዋዳ» አስባሉ። ዋዳ በኦሮምኛ ቃል ኪዳን ነው። ሃያ አራቱም አሉት። እኔም አብሬ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየሄድኩ የእያንዳንዱን ሰው ቡና እመዘግብ ነበር። ጠዋት ከጅማ በአውቶቡስ አጋሮ እደርሳለሁ፤ እዚያ ጨጨብሳ በማር በልቼ ወደ ገራ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ እንጠለጠላለሁ፤ የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ። የለቀማ ወቅት ስለነበር መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች፣ ጆንያ የጫኑ በቅሎዎች። እሸቱ ቡና ሲሰጣ የሚያወጣው ሽታ ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው፤ ልብስ ላይ ያድራል። መንደሩ ስደርስ መጀመሪያ የማገኘው የአዴ ዘይነባን ቤት ነው። መንገዱ ዳር ነው ያለው። አዴ፣ እትዬ እንደማለት ነው፤ አዴ ዘይነባ ባላቸው የሞተባቸው፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ሳቃቸው የሚጋባ ሴት ናቸው፤ ሳልበላ አያሳልፉኝም። እሳቸውም የወጣላቸው «መሬት» ነበር። የአባ ዱራ ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ከሁሉም መጨረሻ ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ መምጣት ያልነበረበት ዝናብ መጣ። ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። በአራተኛው ቀን ጭቃውን እየረገጥኩ መንደሩ ስደርስ አዴ ዘይነባ መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«ኮቱ! ነዪ፣ በዓይንሽ እዪ!» ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ቡናቸው ላይ ነጭ ሻጋታ ጀምሯል። «ይህ ዕጣ የአላህ ነው ወይስ የመምህርሽ? አንድ ጥቅል ሽቦ ቀበሌው ቤት ጥግ ተቀምጦ የኔ ቡና ይበስብስ?»

እውነታቸውን ነው። ከአሥራ ሁለቱ ሌላ፣ የተበላሸ ቢኖር መቀየሪያ እንዲሆን አንድ ጥቅል ሽቦ ተርፎ ነበር። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ሄጄ ጥቅሉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ መጣሁ። ካፊያው ላያችን ላይ እየወረደ ከአዴ ዘይነባ ጋር እንጨቱን ተከልን፣ ሽቦውን ወጠርን፣ ቡናውን እያገላበጥን ከሻጋታው ለይተን ዘረጋነው። እጄ በሽቦው ተቧጥጦ ይደማል፤ እኔ ግን እስቃለሁ። እሳቸው ትኩስ ቂጣ በቅቤ አጎረሱኝ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

በሳምንቱ ስመለስ አራት የ«መሬት» ገበሬዎች የቀርከሃ አልጋ ሠርተው አገኘሁ። የአዴ ዘይነባን አይተው ነው። ሽቦ ባይኖራቸውም ቀርከሃውን ሰንጥቀው፣ አቀራርበው አስረው ዘርግተውበታል። ባለሙያ የሠራው ይመስላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ስድስት ሠሩ። ጎረቤት ያየውን ይሠራል፤ ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። እኔ ግን ደብተሬን ይዤ ቆሜ ምን እንደምጽፍ ጨነቀኝ። ብጽፍ ሽቦውን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ ይታወቃል፤ ምረቃዬ ይቀራል። ስለዚህ በአሥራ አንዱም ሰዎች ስም ፊት «መሬት» ብዬ ጻፍኩ።

የዚያኑ ዕለት ወንዙን ተሻግሬ አባ ዱራ ጋ ደረስኩ። መሬት ላይ ተንበርክከው ቡናቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። ደመናው ሲጠቁር የእንሰት ቅጠል ያለብሱታል፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ይገልጡታል። እግዜር ያሳያችሁ፤ በዚያ መንደር እንደሳቸው የሚደክም ሰው አልነበረም። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ሰዉ ሁሉ አልጋ ሠራ፣» አሉ። «እኔም ጓሮዬ ቀርከሃ አለ። ልሥራ እንዴ?»

እሳቸውም ከሠሩ መሬት ላይ የቀረ አንድ ሰው እንኳ አይኖረኝም። ጥናት የሚባል ነገር የለኝም።

«ትንሽ ይጠብቁ አባ ዱራ፣» አልኩ። «ዋዳ ገብተናል እኮ።»

ያን ጊዜ ስለ አዴ ዘይነባ ሽቦ ያውቁ እንደነበር ቆይቼ ነው የሰማሁት። «ዋዳ ገሌራ፣» አሉ ቀስ ብለው፤ ቃል ገብቻለሁ ማለታቸው ነው። «እሺ። የሚመጣው ዓመት ሽቦው ይመጣልና።» ከዚያ ወደ ቡናቸው ጎንበስ አሉ።

ቡናው ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ከየሰዉ ናሙና ተወስዶ ጅማ ገባ። የተቆላውና የተፈላው የገበሬው ስም ሳይጻፍበት ነው፤ ሲኒዎቹ ላይ ቁጥር ብቻ ተለጥፏል። ቀማሹ የማን እንደሆነ ካወቀ ምላሱ ለወዳጁ ያዳላል ይሉ ነበር መምህር ደጀኔ። ቀማሾቹ እየማጉ፣ እየተፉ፣ ነጥብ እየሰጡ አለፉ። አሥራ ሰባተኛው ሲኒ ጋ ሲደርሱ ሦስቱም ፊታቸውን አጨማደዱ። «አፈር፣» አለ አንደኛው።

ውጤቱን ደምሬ ሳካፍለው የሁለቱ ወገን አማካይ ጎን ለጎን ነው። አባ ዱራ ያን ያህል ወርደው እንኳ ብቻቸውን አሥራ አንዱን ጎትተው ማውረድ አልቻሉም፤ አማካዩ ውስጥ ሰምጠው ቀሩ። መምህር ደጀኔ ሠንጠረዡን ይዘው ቆሎአቸውን እየቆረጠሙ ቆዩ።

«እንግዳ ነገር ነው። ዝናብም ነበር ብለሽኛል፤ መለያየት ነበረባቸው፣» አሉ። ጣታቸው አሥራ ሰባት ላይ አረፈ። «ይህስ ምን ሆኖ ነው?»

«እሳቸው... ብዙም የሚከታተሉ ሰው አይደሉም፣» አልኩ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ለማለት አላሰብኩም፤ ከአፌ ወጣች። በሳምንቱ አዳራሽ ውስጥ ጥናቴን ሳቀርብ ደግሜ፣ በተሻለ አማርኛ አልኳት። ከተጋበዙት የግብርና ባለሙያዎች አንዱ ማስታወሻው ላይ እየጻፈ፣ «እንግዲያው አልጋው ልዩነት አላመጣም። ለዚያ አካባቢ ሽቦ ማከፋፈል አያስፈልግም ማለት ነው፤ የከፋውም በገበሬው ስንፍና ነው፣» አለ። ተጨበጨበልኝ። ጓደኞቼ አቀፉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ ጭራሽ አላርፍ አለ። ከኮሌጁ በር መርካቶ እወርዳለሁ፤ የማልገዛውን ጨርቅ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ እስከ አወቱ ወንዝ ድልድይ፤ እዚያ ቆሜ ውኃውን አይና እመለሳለሁ። ምግብ ቤት ሰልፍ ይዤ ተራዬ ሳይደርስ እወጣለሁ። ሽቦው አይመጣም። አባ ዱራ የጠበቁት ሽቦ አይመጣም። አንድ ከሰዓት መርካቶ ውስጥ የመንደሩን የግብርና ሠራተኛ አገኘሁት። ውጤቱ መንደሩ ደርሶ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ደርሷል እንጂ፣» አለ እየሳቀ። «አባ ዱራን እኮ አሁን ‹አሥራ ሰባት› ነው የሚሏቸው። ሰነፍ ሰው ሲያዩ ‹ይኸው አሥራ ሰባት ሆነ› ይላሉ።»

ከእሱ ተለይቼ በቀጥታ መምህር ደጀኔ ቢሮ ሄድኩ። ሮጬ ነበር መሰለኝ፤ ስደርስ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ብርቱካን እየላጡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽቦውን፣ ቀርከሃውን፣ ደብተሩን፣ አባ ዱራን። ብርቱካኑን ግማሽ ተልጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ስኳር ያለውን ሻይ ስኳር ካለው ሻይ ጋር አስቀመሽሽንና ስኳር አያጣፍጥም አልሽን፣» አሉ።

«በኋላ የሠሩትን ከባለ አልጋዎቹ ጋር ደምሬ፣ አባ ዱራን ደግሞ ለብቻቸው...»

«አንድ ሰው ናቸው ትዕግሥት። ግቢያቸው ጥላ የበዛበት ይሆን፣ ወንዙ ስለቀረባቸው ይሆን፣ በምን ታውቂያለሽ? በአንድ ሰው አይፈረድም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጥናቱን ማዳን አይቻልም፣» አሉ። «ሰውየውን ግን ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያቸው።»

ስንት ቃል ሊቆጡኝ ይችሉ ነበር። አልተቆጡም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስከ ዛሬ ያ ይበልጥ ያመኛል።

ዓርብ ጠዋት ወንዙን ተሻግሬ አባ ዱራ ቤት ስደርስ ግቢያቸው ውስጥ ቀርከሃ ይሰነጥቁ ነበር። ለሚመጣው ዓመት አልጋ ሊሠሩ ነው። በርጩማ ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየደባለቅሁ ተናገርኩ። ስጨርስ ስለ ሽቦው አልጠየቁኝም።

«ሰነፍ ብለሽኝ ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ለማን?»

«ለመምህሬ። በኋላም ለሁሉም።»

ቢላቸውን ቀርከሃው ላይ እንደተሰካ ተዉት። «ኢንተላ፣» አሉኝ፤ ልጄ እንደማለት ነው። «እኔ እዚህ ይቅር ብልሽ ማን ይሰማል? ዛሬ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ ሰዉ ዋርካው ሥር ይቀመጣል። እዚያ በይው።»

ከመስጊድ እስኪወጡ የጠበቅሁት ሰዓት በዕድሜዬ ረጅሙ ነው። በመንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ሴቶቹ እንኳ ታዘቡኝ። ሰዉ ተሰብስቦ ሲቀመጥ መሀል ገባሁ። ኦሮምኛዬ የተሰባበረ ነበር፤ ወንዱን በሴት፣ ሴቱን በወንድ አድርጌ ስጀምር ሳቁ። አላቆምኩም። ሁላችሁም ቃል ገብታችሁ ነበር አልኩ። ቃሉን መጀመሪያ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ለአንድ ሰው ሽቦ ሰጠሁ፤ እናንተ አይታችሁ ሠራችሁ፤ አላጠፋችሁም። አባ ዱራ ልሥራ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጠብቁ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቡናቸው የተበላሸው ቃላቸውን ስለጠበቁ ነው። ሰነፍ ናቸው ያልኩት ውሸቴን ነው። ሽቦውም የማይመጣው በእኔ ውሸት ነው።

ሳቁ የት እንደቆመ አላስታውስም። አንድ ሽማግሌ የመጨረሻውን ነገር በትክክለኛ ኦሮምኛ ደግመው ለሁሉም አሰሙት። አዴ ዘይነባ ከሴቶቹ በኩል ብድግ አሉ። ስማቸውን አልጠራሁም፤ ግን ከዕጣው ውጪ ሽቦ የገባው የማን ቤት እንደሆነ ያላወቀ ማን አለ?

«እኔ ሌባ ነኝ?» አሉኝ በአማርኛ። «በእጅሽ ሰጥተሽኝ፣ አብረሽኝ ወጥረሽ፣ ዛሬ ሰው መሀል ታዋርጂኛለሽ?»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም አዴ ዘይነባ...»

ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ፤ ሰላምታዬን አንድም ቀን አልመለሱልኝም። አባ ዱራ ግን እንደተቀመጡ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሲነሡ፣ አሥራ ሰባት እያሉ ከሚቀልዱባቸው ሰዎች አንዱ ክንዳቸውን ይዞ አብሯቸው ወንዙ ድረስ ወረደ። ወደ እኔ አልዞሩም። እኔም ይቅር አሉኝ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አላሉኝም።

ከመምህር ደጀኔ ጋር ሽቦውን ለማስመለስ ሞክረን ነበር። ለሌላ ቦታ ተመድቧል ተባልን። ጽሑፌን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት፤ ጥናቱ እንዴት እንደፈረሰ የሚናገር ጽሑፍ ሆነ። ምረቃዬ አንድ ዓመት ዘገየ፤ ደሴ ያሉት ቤተሰቦቼ ዘመድ ጠርተው ስለነበር አባቴ ለወራት አላናገሩኝም። በዚያ በትርፉ ዓመት ጥናቱን በሌሎች መንደሮች ደገምኩት። ዕጣ ያወጣሁት ጎረቤትን ከጎረቤት ለይቼ አልነበረም፤ መንደሩ በሙሉ አልጋ ያገኛል፣ ወይም መንደሩ በሙሉ ይጠብቃል። የጠበቁት መንደሮች ከባለ አልጋዎቹ ራቅ ያሉ ስለነበሩ አጥር ተሻግሮ የሚታይ አልጋ አልነበረም። ልዩነቱ ያለ ሠንጠረዥ እንኳ በምላስ ይታወቅ ነበር።

አሁን ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼ ቁጥሮቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ወይም አንዱ፣ መስመሩን የምታበላሽ አንዲት ቁጥር አሳይቶኝ «ብናወጣትስ?» ይላል። የማን ናት ብዬ እጠይቃለሁ። የቁጥሯን ባለቤት ስም እስኪነግሩኝ አላልፋቸውም፤ አስቸጋሪ መምህር ናት እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

የአዴ ዘይነባን ቡና በዚያ ዝናብ ትቼ ማለፍ ነበረብኝ ወይ የሚለውን ግን ሃያ ስድስት ዓመት አስቤበት መልስ አላገኘሁለትም። አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ኅዳር ላይ ሲዘንብ፣ እንደገና ሽቦውን ትከሻዬ ላይ ሳደርግ ራሴን አገኘዋለሁ። ሽቦውን ብሰጥ እንኳ ግን፣ የዚያኑ ዕለት ደብተሬ ላይ በአዴ ዘይነባ ስም ፊት «አልጋ፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።